የድሮ ዴል ላፕቶፔ ዋይፋዩ ይንቀራፈፋል፣ ካርዱን ላስቀይር ወይስ ችግሩ መስመሩ ነው?

የግንፍሌዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ባካችሁ ነገሩ የገባው ሰው ካለ ብር ከማውጣቴ በፊት ይምከረኝ።

ላፕቶፔ ዴል ላቲቲውድ ኢ6430 ነው። ወንድሜ ስንት ዓመት ሰርቶበት አዲስ ሲገዛ ለኔ ሰጠኝ። ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙን 8 አድርጌዋለሁ፣ ሃርድዲስኩንም በኤስኤስዲ ስላስቀየርኩት ለኔ ስራ ምንም አይጎድለውም፣ ዎርዱም ኤክሴሉም ቶሎ ነው የሚከፍተው፣ ኪቦርዱን ደግሞ በጣም ነው የምወደው። ስለዚህ «አርጅቷል ሌላ ግዢ» የሚለውን መልስ አልፈልግም፣ አቅሜም አይፈቅድም።

ችግሩ ዋይፋዩ ነው። የምኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፣ ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ስር ተቀምጧል፣ እኔ የምሰራው መኝታ ቤት ነው፣ መሀል ላይ አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። የምንከፍለው የ10 ሜጋ ነው። በእህቴ ስልክ እዛው አልጋው ላይ ተቀምጠን ዩቲዩብ ያለ ምንም መቆራረጥ እናያለን፣ የኔ ላፕቶፕ ግን ጂሜይል ለመክፈት ራሱ ያቺ ክብ እየዞረች ታስጠብቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ከቴሲስ አድቫይዘሬ ጋር ዙም ላይ ነበርኩ፣ ገና ሁለተኛውን ስላይድ ሳልጨርስ «ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው፣ ምንም አልሰማሽም» አሉኝ። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፌ ሳሎን ሮጬ ራውተሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። እዛም ሆኜ ተሻለ እንጂ ደህና አልሆነም። በጣም ነው ያፈርኩት፣ ለዛች ቀን ሁለት ሳምንት ነው የተዘጋጀሁት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ራውተሩ ሁለት ስም ነው የሚያወጣው፣ አንዱ መጨረሻው ላይ 5ጂ ይላል። ስልኮቹ ሁለቱንም ያያሉ፣ ላፕቶፔ ግን 5ጂ የሚለውን ጭራሽ አያሳየኝም። ሌላው ደግሞ ማታ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ላፕቶፑም ስልኩም ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

አንድ ጥገና ቤት ስጠይቅ «ኤኤክስ200 የሚባል ጥሩ ካርድ አለ፣ ቀብድ ክፈይና እናመጣልሻለን» አሉኝ። አንድ የክፍሌ ልጅ ደግሞ «ካርድ ምን ያደርግልሻል፣ ችግሩ መስመሩ ነው» አለኝ። ማንን ልስማ?

የካዛንቺሱ ልጅ፦

ቀብዱን እንዳትከፍዪ!! መጀመሪያ ላን ኬብል ሰክተሽ ስፒድ ቴስት አድርጊ። ራውተሩ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ አብራ የምትመጣ አጭር ኬብል አለች፣ ብዙ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ትቷት ነው የሚኖረው። ላፕቶፑን ራውተሩ ጋ ወስደሽ በሷ አገናኚው፣ ዋይፋዩን አጥፊ፣ ከዛ ቴስት አድርጊ። በኬብል 10ሩ ከመጣ መስመሩ ንፁህ ነው ማለት ነው፣ ካልመጣ ደግሞ ካርድ ብትቀይሪም ዋጋ የለውም።

ሜክሲኮ ሰፈር፦

እኔ ብሆን ላፕቶፑን አላስከፍትም ነበር፣ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን የዋይፋይ ዶንግል ገዝተሽ ተገላገዪ። ዱዋል ባንድ የሚል፣ ማለትም በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም የሚሰራ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፣ ምክንያቱም ያቺ ጥፍር የምታክለው ትንሿ አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ብቻ ናት፣ እሷን ከገዛሽ እዛው ነሽ።

ባለካቻቪቴው፦

እህቴ ቀብድ ካልከፈልሽ ጥሩ አድርገሻል። እኔ ላፕቶፕ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው፣ በዚህ ነገር ሰው ብሩን ሲያባክን ማየት ስለሚያሳዝነኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፍልሽ፣ ታገሺኝ።

ኢንተርኔቱ አንቺ ጋ እስኪደርስ ሁለት መንገድ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ከውጭ እስከ ራውተሩ፣ ሌላው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ። ካርድ መቀየር የሚያስተካክለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። 10 ሜጋ በገባበት ቤት 867 ሜጋቢት የሚል ካርድ ብታስገቢም ከ10 በላይ አታገኚም። በዛው ልክ ደግሞ ሁለተኛው መንገድ ከታመመ ያ 10 ሜጋ ራውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ አንቺ ጋ የምትደርሰው 1 ወይ 2 ናት። የእህትሽ ስልክ እዛው አልጋ ላይ ደህና እየሰራ ላፕቶፑ ካልሰራ የቀኑ ችግር የላፕቶፑ ነው። የማታው ግን ስልኩንም አብሮ ስለሚያቆመው ሌላ ነገር ነው። ሁለት በሽታ ነው ያለሽ፣ ባንድ መድኃኒት አትሞክሪው።

5ጂ የሚለው ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው፣ ሲም ካርድም ምንም አይመለከተውም። ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝም በ5 ጊጋኸርዝም ይሰራል፣ ላፕቶፕሽ 5ቱን የማያይበት ምክንያት ካርዱ 2.4 ብቻ የሚሰማ ስለሆነ ነው የሚሆነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ 2.4 መከራ ነው። ዋይፋዩን ስትከፍቺ የስንት ጎረቤት ስም ነው የሚደረደረው? እነዚህ ሁሉ በ2.4 ላይ ሳይደራረቡ ሊሰሩ የሚችሉባቸው ቻናሎች ሶስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። አንድ ቻናል ላይ ያሉት ደግሞ ልክ እንደ እድር ስብሰባ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራ ነው የሚጠብቀው፣ የጎረቤትሽ ራውተርም የጎረቤትሽ ቴሌቪዥንም ያንቺ ላፕቶፕም አንድ ወረፋ ላይ ናቸው። 5ቱ ጋ ቻናሉ ብዙ ነው፣ ግድግዳም እንደልቡ ስለማያልፍ የጎረቤት ድምፅ አይገባብሽም። ያው ግድግዳ አለማለፉ ጉዳትም አለው፣ ያንቺ ግን አንድ ብሎኬት ነው ያልሽው፣ ችግር የለውም።

አሁን ሁለት ነገር አይተሽ ንገሪኝ። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ዲቫይስ ማኔጀር ግቢ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ስር ካርዱ ስሙ ማን ይላል? ሁለተኛ፣ መኝታ ቤት ሆነሽ የተገናኘሽበትን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ክፈቺ፣ ወደታች ስትወርጂ ሊንክ ስፒድ የሚል ቁጥር አለ፣ በላፕቶፑና በራውተሩ መሀል ያለው ፍጥነት ማለት ነው፣ እሱን ፃፊልኝ።

ኤኤክስ200ን በተመለከተ ካርዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ያንቺ ላፕቶፕ ላይ አይገባም። እሱ ኤም ዶት ቱ የሚባለው አዲሱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው፣ ያንቺ የ2012 ሞዴል ስለሆነ ሶኬቱ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። የአንቴናው ሽቦ ጫፍ ራሱ ይለያያል፣ የኤም ዶት ቱው በጣም ያነሰ ነው። ቻይናዎች ያንኑ ቺፕ ሚኒ ፒሲአይ ላይ አድርገው የሚሸጡት ዓይነት አለ፣ ግን ለ10 ሜጋ መስመር ያን ሁሉ ማውጣት ምን ያደርጋል።

ላንቺ የሚሆነው ኢንቴል 7260 ነው፣ ግማሽ ቁመት ያለው ሚኒ ካርድ፣ መጨረሻው ኤችኤምደብሊው የሚል። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ 7260 የሚባል ካርድ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤሲ የሆነ አለ (ከኤን የሚፈጥን የዋይፋይ ዓይነት ነው)፣ ዱዋል ባንድ ኤን የሆነ አለ፣ ከነጭራሹ 2.4 ብቻ የሆነም አለ፣ ሶስቱም 7260 ነው የሚባሉት፣ መልካቸውም ያው ነው። ሻጩ የሚልሽን ትተሽ ካርዱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ራስሽ አንብቢ፣ ዱዋል ባንድ ዋየርለስ ኤሲ የምትል መሆን አለባት። እሱ ከጠፋ ኢንቴል 6205ም ይበቃሻል፣ የድሮ ነው፣ ኤሲ አይደለም፣ ግን 5ቱን ያያል፣ ከሞቱ ላፕቶፖች ላይ እየተፈታ ስለሚሸጥ ርካሽ ነው።

ዶንግል ያለው ወንድማችን አልተሳሳተም፣ ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው። ግን እሷ ላፕቶፑን ይዛ ላይብረሪ ምናምን የምትሄድ ተማሪ ናት፣ ጎኑ ላይ ተገትሮ የሚወጣ ነገር አንድ ቀን ቦርሳ ውስጥ ይሰበራል ከነሶኬቱ፣ እንደዛ ሆኖ የመጣልኝ ላፕቶፕ ብዙ ነው። የውስጡ ካርድ አንቴናው ስክሪኑ ዙሪያ ስለሆነ አቀባበሉም የተሻለ ነው።

ሌኖቮ የያዝኩት፦

ባለካቻቪቴው ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ ሰው አንብቦ እንደኔ እንዳይቃጠል። የኔ ቲንክፓድ ቲ430 ነው። ያንኑ 7260 የሚሉትን ካርድ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፣ ራሴ ከፍቼ አስገባሁ፣ በደንብ ገጠመ፣ ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ 1802 የሚል ቁጥርና ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ ነው የሚል ፅሁፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ዊንዶውስ ጋ እንኳን አይደርስም። ካርዱን ሳወጣው ይነሳል፣ ስመልሰው ይቆማል። ለካ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም) ውስጥ የሚፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለ፣ ከዛ ዝርዝር ውጪ የሆነ ካርድ ሲያይ ማሽኑን አያስነሳውም። ሱቁ ደግሞ «ተከፍቷል አንመልስም» አለኝ። መጨረሻ ላይ ሌኖቮ ራሱ የሚያውቀውን 6205 ኤፍአርዩ የሚባለው የሌኖቮ መለዋወጫ ቁጥር ያለው ፈልጌ አስገብቼ ነው የሰራልኝ። አሁን ሰፈር ውስጥ 5ቱን ይዤ በሰላም እየሰራሁ ነው፣ ግን አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ባለካቻቪቴው፦

ትክክል ነህ ወንድሜ፣ እኔም መፃፍ ነበረብኝ። የድሮ ሌኖቮና የድሮ ኤችፒ ይሄ ክልከላ አላቸው፣ ኤችፒዎቹ ላይ 104 የሚል ኤረር ነው የሚመጣው። ዴል ላቲቲውድ ላይ ግን የለም፣ ስለዚህ እህታችን በዚህ በኩል ሀሳብ አይግባት። ሌኖቮም ኤችፒም ያላችሁ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴላችሁን ሰርቪስ ማኑዋል አውርዳችሁ የሚቀበላቸውን ካርዶች ከነቁጥራቸው እዩ። ባዮሱን እንቀይርልህ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ቢበላሽ ቺፑን መልሶ የሚፅፍበት መሳሪያ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁት፣ ከሌለው አትስጡት።

22 አካባቢ፦

ይቅርታ መሀል ገብቼ፣ የኔ ላፕቶፕ ትንሽ አዲስ ነው፣ ኤም ዶት ቱ ሶኬት አለው፣ ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 ሁለቱም ሱቅ ውስጥ አሉ፣ 201 ቁጥሩ ስለሚበልጥ እሱን ልግዛ?

ባለካቻቪቴው፦

በቁጥሩ አትሂድ። 201 ግማሽ ስራውን የሚሰራለት ኢንቴሉ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ክፍል ነው፣ ለሱ የተሰራ ቦርድ ካልሆነ ቢገጥምም አይታይም። 200ው ራሱን የቻለ ካርድ ነው። ላፕቶፕህ ይዞት የመጣው 201 ካልሆነ 200ውን ውሰድ። ዊንዶውስህ 10 ወይም 11 መሆኑን ደግሞ አረጋግጥ፣ ለዊንዶውስ 7 ድራይቨር (ካርዱን የሚያሰራው ፕሮግራም) የለውም።

የግንፍሌዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ ተጨንቆ የሚመልስልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ጋሼ ባለካቻቪቴው፣ ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

ካርዱ ዴል ዋየርለስ 1504 ነው የሚለው፣ እዛው ስሙ ላይ 2.4 ጊጋኸርዝ ብሎ ፅፎታል፣ እስካሁን አለማየቴ! ሊንክ ስፒዱ ራውተሩ አጠገብ 72፣ መኝታ ቤት 26 ነው። የጎረቤት ዋይፋይ ስቆጥር 23 ስም አገኘሁ።

ኬብሏንም ካርቶኑ ውስጥ አገኘኋት፣ ገና ከነላስቲኳ ናት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በኬብል 9.3 መጣ። ወዲያው ኬብሏን ነቅዬ በዋይፋይ ከመኝታ ቤት ስሞክረው 1.8፣ በእህቴ ስልክ ደግሞ 9 ገደማ። ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደገና በኬብል ስሞክረው ግን 1.1 ብቻ ነው፣ ፒንጉ (መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ደግሞ ጠዋት 40 የነበረው 700 ገባ። ስለዚህ እንዳሉት ሁለት በሽታ ነው። የማታውን ምን ላድርገው? ሰው ሁሉ ማታ ስለሚጠቀም ነው ብዬ እንዳልተወው ፒንጉ እንደዛ መሆኑ ገረመኝ።

ባለካቻቪቴው፦

ጎበዝ! መለካት ማለት እንዲህ ነው። 1504 በአንድ አንቴና ነው የሚሰራው፣ ከ23 ጎረቤት ጋር እየተጋፋ 1.8 ማምጣቱም ደህና ነው። የካርዱ ነገር አለቀ፣ ቀይሪው።

የማታውን ልጠይቅሽ። ፒንግ ከ40 ተነስቶ 700 ሲገባ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዛው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ወደ ላይ እየላከ ነው፣ አፕሎድ እያደረገ። የስልክ ሽቦ መስመር ከሆነ የሚወርደው ሰፊ ነው የሚወጣው ግን ጠባብ። ዌብሳይት ስትከፍቺ ራሱ ላፕቶፕሽ «ደርሶኛል ቀጣዩን ላክ» የምትል ትንሽ መልዕክት ወደ ላይ መላክ አለባት፣ ያቺ መልዕክት ከአንድ ትልቅ ቪዲዮ ኋላ ወረፋ ከያዘች የሚወርደውም አብሮ ይቆማል። ለዛ ነው ዳውንሎዱ ላይ ምንም ሳትነኪ ሁሉም የሚቆመው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ማን ነው ቤት የሚገባው? የነሱ ስልክ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ዋይፋይ ሲያገኝ ባክአፕ የሚያደርግ ነገር አለ?

ካለ ሁሉንም ስልክ ከዋይፋዩ አስወጥተሽ እንደገና ለኪ።

የግንፍሌዋ፦

ኧረ በስማም!! እህቴ ናት። ሱቅ ነው የምትሰራው፣ ልብስ ትሸጣለች፣ ቀኑን ሙሉ አዲስ የገባውን ልብስ እያገላበጠች ቪዲዮ ስትቀርፅ ነው የምትውለው ለቲክቶክና ለቴሌግራም ቻናሏ። ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩ ዋይፋዩን ይይዛል፣ ጉግል ፎቶስም የቀኑን ሁሉ መጫን ይጀምራል። አባዬም ስልኩ ላይ እንደዛው ተከፍቶ ነበር፣ ማን እንደከፈተው አያውቅም።

ትናንት የሁለቱንም ባክአፕ አስቁሜ 3 ሰዓት ላይ ለካሁ። በኬብል 7.6 መጣ፣ ፒንጉም 55! ከዛ ደግሞ መልሳ አንድ ቪዲዮ እንድትጭን አድርጌ ሳየው ዓይኔ እያየ ወደ 1 ወረደ። ስንት ማታ ነው በዚህ ነገር የተነጫነጭኩት።

እህቴን ግን ስራዋ ስለሆነ አትጫኚ ልላት አልችልም፣ ምን ይሻላል?

የካዛንቺሱ ልጅ፦

እኛ ቤት የተስማማነው ብዙ ቪዲዮ የሚጭነው ሰው ከመተኛቱ በፊት ባክአፑን እንዲከፍተው ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሲሰካ ባክአፑን ያበራል፣ ሌሊቱን ሲጭን ያድራል ጠዋት ያጠፋዋል። ራውተራችሁ ውስጥ ደግሞ በብሮውዘር 192.168.1.1 ብለሽ ስትገቢ አንዳንዱ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የአፕሎድ ልክ መወሰኛ አለው፣ ካለ እሱ ይሻላል ማንም ማስታወስ የለበትም።

ላፕቶፕሽ ላይም አንድ ነገር አለ፣ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የምትለውን አጥፊያት፣ እሷ ክፍት ከሆነች ያንቺ ላፕቶፕ ያወረደውን አፕዴት ለሌላ ኮምፒውተር ሊያካፍል ይችላል፣ ባንቺ አፕሎድ። ዋይፋዩንም ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠር መስመር) አድርጊው፣ ያኔ ትልልቁን አፕዴት ዙም መሀል ላይ አይጀምርብሽም። ሚተርድ ካደረግሽው ግን በሳምንት አንድ ቀን ራስሽ አፕዴቱን መፈተሽ እንዳትረሺ።

የአፍንጮ በሩ፦

እኔ ደግሞ የተለየ ችግር ነው ያለብኝ፣ ግን ከናንተ ጋር ስለሚሄድ ልፃፍ። የቤተሰባችን ቤት የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ክንዴን ሙሉ ነው የሚሆነው ውፍረቱ። አዲስ ካርድ አስገብቼ 5ቱ ሳሎን ውስጥ ይበርራል፣ በሩን አልፌ ጓዳ ስገባ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉም ቤት 5 መፍትሄ አይሆንም። መጨረሻ ላይ የ20 ሜትር ካት 5ኢ ኬብል ገዝቼ በኮርኒሱ ጥግ ጥጉን አሳልፌ ክፍሌ አስገባሁት፣ ከዛ ወዲህ ዋይፋይ የሚባል ነገር አላስብም። ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል። የግንፍሌዋ፣ ዙም ያለብሽ ቀን ኬብሏን ተጠቀሚባት፣ ካርዱ ቢቀየርም እንኳን።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው ራውተሩ ግን ይሞታል፣ ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ የምትባል ባትሪ ያላት ትንሽ ሳጥን አለች። ራውተሩ ጀርባ ላይ 12 ቮልት ይላል ወይስ 9 የሚለውን አይታችሁ ግዙ፣ እኔ ሳላይ ገዝቼ መልሼ መቀየር ነበረብኝ።

ባለካቻቪቴው፦

የአፍንጮ በሩ ያለው ትክክል ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ላለበት ቤት ከማንኛውም ካርድ ኬብል ይበልጣል።

እህቴ ካርዱን ካገኘሽው እንዴት እንደምታስገቢው ልንገርሽ፣ ራስሽ ልትሰሪው ትችያለሽ። ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ባትሪውን አውጪ፣ የማብሪያውን ቁልፍ አስር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ከስር ያለውን ክዳን ስትከፍቺ ካርዱ ይታይሻል፣ ላዩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ የተሰካበት ነው። ከመንካትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ሽቦዎቹ ላይ ነው ጥንቃቄው። ሽቦውን ይዘሽ እንዳትጎትቺ፣ የወርቅ መልክ ያላት ክብ ጫፏ ስር ጥፍርሽን አስገብተሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ አንሺያት። ከዛ አንዷን ብሎን በትንሽ ካቻቪቴ ስትፈቺ ካርዱ ራሱ ብድግ ይላል፣ ዘንበል እንዳለ ስበሽ ታወጪዋለሽ። አዲሱንም እንደዛው ዘንበል አድርገሽ አስገቢና ተጫኝው፣ ብሎኗን እሰሪ። ሽቦዎቹን ስትመልሺ ካርዱ ላይ ነጭና ጥቁር ትንንሽ ሶስት ማዕዘን አለ፣ ነጩን ሽቦ ነጩ ጋ፣ ጥቁሩን ጥቁሩ ጋ። አናቷን በትክክል ካስተካከልሽ በኋላ በጣት ተጫኛት፣ ቀጭ ስትል ይሰማሻል። ቀጭ ካላለች አልገባችም፣ በግድ አትጫኛት ትጣመማለች። ሶስተኛ ሽቦ ካገኘሽ ጫፏን በፕላስተር ጠቅልለሽ ተያት፣ ለዚህ ካርድ አታስፈልግም።

ድራይቨሩን ግን አሁኑኑ፣ በድሮው ካርድ ኢንተርኔት እያለሽ አውርደሽ አስቀምጪ።

የግንፍሌዋ፦

አስገባሁት!!!

መርካቶ ሄጄ አንድ ሱቅ ውስጥ ካርዶቹን በሳጥን ሙሉ አወጡልኝ፣ 7260 የሚል አራት ነበር፣ ወረቀታቸውን አንድ በአንድ ሳነብ ሁለቱ እንዳሉኝ 2.4 ብቻ የሆኑት ናቸው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው እህቴ» ብሎኝ ነበር፣ ሳሳየው እሱም ገረመው። ዱዋል ባንድ ኤሲ የሚለውን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስመጣ እህቴ በስልኳ እያበራችልኝ ሰራሁት። ጥቁሩ ሽቦ አንደኛ ሙከራ ላይ ቀጭ አለ፣ ነጩ ግን አራት አምስት ጊዜ ሸሸኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ዓይኔን ካርዱ ጋ አስጠግቼ ከጎን እያየሁ ስጫነው ገባ። ከዛ ዘጋግቼ ሳበራው ዊንዶውስ ካርዱን አየው ግን ዋይፋይ ምንም አያመጣም! ዋይፋይ ኢዝ ኦፍ ይላል፣ ኦን ስለው አይሰማኝም። ልቤ ቀጥ አለች፣ አቃጠልኩት ብዬ። እንደገና ከፈትኩ፣ ሽቦዎቹን አየሁ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ ያው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከተሰቃየሁ በኋላ ወንድሜ ጋ ስደውል «ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ አይተሻታል?» አለኝ። ላፕቶፑን ስገለብጠው ነክቻት ተዘግታ ነበር። ወደ ጎን ሳንሸራትታት ሁሉም ስም ተደረደረ፣ 5ጂ የሚለውም መጣ።

አሁን መኝታ ቤት ሊንክ ስፒዱ 400 አካባቢ ይላል፣ ስፒድ ቴስቱ 9.2። ማታ እህቴ ገብታም 7 እና 8 ነው፣ ባክአፑን ስትተኛ ነው የምትከፍተው። ማክሰኞ ከአድቫይዘሬ ጋር ዙም አለኝ፣ መኝታ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ፣ በር ዘግቼ።

ባለካቻቪቴው፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ያቺን ማንሸራተቻ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው፣ አዲስ ካርድ አስገብቶ አልሰራም ብሎ ወደኔ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ እሷው ናት ምክንያቱ።

ብሉቱዙ አዲሱ ካርድ ላይ ካልታየሽ አትደንግጪ፣ ካርዱ ብሉቱዙን የሚያወጣው በዩኤስቢ መስመር ነው፣ ሶኬቱ ላይ ያ መስመር ካልተዘረጋ አይሰራም፣ ዋይፋዩን አይነካውም። አሮጌዋን 1504 ደግሞ አትጣያት፣ በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪያት፣ ካርድ ሞተ አልሞተም የሚለውን ለመለየት አንድ ቀን ትፈልጊያታለሽ።

የግንፍሌዋ፦

እሺ ጋሼ፣ ኬብሏ የነበረችበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጬያታለሁ። ብሉቱዙም ሰርቷል፣ አሁን የእህቴን ኢርፎን አገናኝቼበት ነው ይሄን የምፅፈው።